መቶ ሁለት ነጥብ ሦስት

ካኛዶን ሉና ናት፣ ከተማ ካሏት፣
ከፓታጎንያ ጫፍ ነፋስ የጣላት፤
ሁለት መንገድ አላት፣ ነዳጅ ማደያ አንድ፣
ሕዝብሽ ስንት ነው ሲሏት በግ መቁጠር ልማድ።

ጣቢያው የተወለደው በአባቴ ሱቅ ጓዳ፣
ከሚስማር ሳጥን ጥግ፣ ቅዳሜ ማለዳ።
ማሰራጫው አሮጌ፣ ከወደብ የመጣ፣
ግማሹ በብድር፣ ግማሹ በጣጣ።
ምሰሶ የለንም፤ የነፋስ ወፍጮውን
ክንፉን አስወልቆ አስቀረ አንገቱን፤
«ሃያ ዓመት ሙሉ ውሃ ቀዳልን፤
አሁን ወሬ ይቅዳ» ብሎ ሳቀብን።

ማይኩ ሲከፈት ግን የሚለው ጠፋው፤
ሳል እንኳ አልመጣለት፣ ደቂቃው አለፈው፤
ኋላ ቢጨንቀው፣ የግድግዳውን ዝርዝር
አነበበ ጮክ ብሎ፣ የሚስማሩን ነገር፦
ባለ ሦስቱ ስንት፣ ባለ አምስቱ ስንት።

እንዲህ ነው ጅማሬው። ታሪካችን ሲጻፍ
የመጀመሪያው ቃል «ሚስማር» ነው፣ አይታለፍ።

ዳቦ ቤቱ ሲከፍል ዳቦ በማምጣት፣
ሥጋ ሻጩም መጣ በጭን፣ በጉበት፤
ሬሳ ሳጥን ሠሪው፣ ቀልደኛው ዳልማሲዮ፣
«ስትሞት ይታሰባል፣ ግድ የለም ኦቪዲዮ!»

ከራት በፊት ደግሞ ኔሊዳ ትመጣለች፣
በአስተማሪ ድምጿ መልእክት ታነባለች፤
ሳንቲም አይከፈልም። ስልክ ለማይደርሰው፣
ከበግና ከሰማይ ሌላ ለሌለው ሰው፦

«በላጉና ሴካ ላለው ኤውሴቢዮ፦ ሚስትህ በሰላም ተገላግላለች። ወንድ ነው።
ሐሙስ ፈረስ ይዘህ በሩ ጋ ጠብቅ።»
«ለሩፊኖ፦ የመድኃኒትህ ብልቃጥ በአውቶቡሱ ሹፌር እጅ ነው፤
ከምግብ በኋላ እንጂ ከወይን በኋላ አይደለም።»
«ለአዴሊና፦ አልመጣም። አትጠብቂኝ።»

ይህችን የመጨረሻዋን ሁለቴ አላለችም።
ደንቡ ሁለቴ ነበር። ማንም አልጠየቃትም።

መርፌዋ በየቤቱ አንድ ቦታ ዝጋ፣
መቶ ሁለት ነጥብ ሦስት፣ ሌላ የምን ፍለጋ፤
የዶና ኤርሚንዳ ሬዲዮ ቁልፉ ወልቆ
በጥርስ ሳሙና ክዳን ይዞራል ተጣብቆ።

ተራራው የፈነዳ፣ አመድ የዘነበ ለት፣
ቀን በቀን ጨለመ፣ አብሮ ጠፋ መብራት።
አባቴ ባትሪ ፈታ፣ ከገዛ መኪናው፣
ቀጥሎ ከቄሱ፤ ፖሊሱም አልቀረው።
ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት፣ ርጥብ ጨርቅ አስራ፣
ኔሊዳ ከወንበሯ ስም ስትጣራ፦
«ጉድጓዳችሁን ክደኑ። በጎቹን ከወንዙ አርቁ።
ኤርሚንዳ ብቻዋን ናት፤ ቅርብ ያለ ያንኳኳ።»

አሥራ አንድ ሰው አንኳኳ።

ከዚያ የሱፍ ዋጋ ዓመት ከዓመት ወርዶ፣
ባንኩም በሩን ዘግቶ፣ ወጣቱም ተሰድዶ፣
ማስታወቂያው ሳሳ።
አባቴም ሳሳ።
በግንቦት ሲሞት፣ ያለ ብዙ ሁካታ
ዳልማሲዮ መጣ፣ ሳጥን ጭኖ፣ ማታ፤
ከደረት ኪሱ አወጣ የቆየ ወረቀት፣
የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሒሳብ የሰፈረበት፤
«ዕዳዬን ከፈልኩ» አለ። አልቀለደም ያን ለት።

ጣቢያው ተሸጠ፤ ገዢው ከዋና ከተማ፤
ኮምፒውተር ተተክሎ፣ ወንበሩ ጨለማ።
የሩቅ ሰው ድምፅ «ፀሐይ ነው ዛሬ» ይለናል፣
በረዶው በደጃፍ ከደረት ደርሶልናል።
ነፃ መልእክት ቀረ። «ሰከንድም ዋጋ አላት»
ይላል ደብዳቤያቸው፣ ማኅተም ያለበት።

እኔም ጠየቅኋቸው፦ «ዋጋዋ ስንት ነው?»
ሠላሳ ሰከንድ ገዛሁ፣ ለየማታው።

«የኦቪዲዮ ሚስማር ቤት። ባለ ሦስቱ በኪሎ፤ ባለ አምስቱ ቅናሽ አለው።
ለኤውሴቢዮ ልጅ፦ አባትህ ከሆስፒታል ወጥቷል፤ ሐሙስ በሩ ጋ ጠብቀው፤
ፈረስ አያስፈልግም፣ በመኪና አመጣዋለሁ።
ከድልድዩ ማዶ ጥቁር ውሻ ጠፍቷል፤ አንድ ጆሮው ነጭ ነው።
ቀለምም አለን።»

እቸኩላለሁ። ሠላሳ ሰከንድ ጠባብ ናት፤
ሁለቴ ለማንበብ አትበቃም።

በዓመቱ መጨረሻ ከኩባንያው ቅጽ መጣ፦
«ማስታወቂያው ጠቀመዎ? ሽያጭዎ በምን ያህል አደገ?»

በሱቁ እርሳስ ሞላሁት፦

ሚስማር አልተሸጠም።
ውሻው ተገኝቷል።